የአመክሮ ሦስተኛው መስፈርት ባለቤት ይፈልጋል

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 202 አንድ ፍርደኛ ከተፈረደበት ጊዜ ሁለት ሦስተኛውን፣ ዕድሜ ልክ ከሆነም 20 ዓመቱን ሲጨርስ በአመክሮ ሊፈታ እንደሚችል ይናገራል። ጊዜውን መጨረሱ ብቻ ግን አይበቃውም። በሥራውና በጠባዩ መሻሻሉን በተጨባጭ ማሳየት አለበት። ያደረሰውን ጉዳት አቅሙ በፈቀደ መጠን መካስ አለበት። ሦስተኛ ደግሞ ከተፈታ በኋላ በመልካም ጠባይ እንደሚኖር የሚያሳምን ሰው ሆኖ መገኘት አለበት። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ስለዚህ ስለ ሦስተኛው ነው። በአንድ ማረሚያ ቤት የምክር አገልግሎት ባለሙያ ሆኜ በሠራሁባቸው ዓመታት የመጀመሪያውን መስፈርት የሚመሰክር አልጠፋም። የጥበቃ አባላት አሉ፣ የሥራ ክፍሉ አለ፣ የእስረኞቹ አለቃ የሆነው የቤቱ ካቦ አለ። ለሁለተኛውም ሽማግሌ ይዞ፣ ዘመድ አሰባስቦ፣ የዕርቅና የካሳ ወረቀት አስፈርሞ የሚመጣ ቤተሰብ አለ። ሦስተኛውን የሚመረምር ሰው ግን አላየሁም። የአመክሮ ጥያቄ የሚያየው የማረሚያ ቤቱ ኮሚቴ ፊት የሚቀርበው ወረቀት የሚናገረው ታራሚው የዲሲፕሊን ጥፋት እንደሌለበት ነው፤ በዚያው ሦስተኛውም እንደተሟላ ይቆጠርና ፋይሉ ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል።

አንድ ሰው ላንሳ። ሚስቱን በመጥረቢያ መትቶ፣ እሷ በሕይወት ብትተርፍም አንድ እጇን እንደ ልቧ ማዘዝ ተስኗት ቀርታለች። ሰውየው ግቢ ውስጥ የተመሰገነ ነበር። ፊደል ያልቆጠሩትን ያስተምራል፣ የታመመ ያስታምማል፣ ጸሎት ላይ ከፊት ነው። ወጣቶቹ "ጋሼ" እያሉ ከመቀመጫቸው ይነሱለታል። ስለዚያች ሌሊት የሚናገረው ግን ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ "አፏን ብትይዝ ኖሮ እዚህ አልገኝም ነበር፤ ያሳሰረችኝ እሷ ናት።" ዓመት አልፎ ዓመት ሲተካ ይህ አነጋገሩ አልተለወጠም። እኔ ከእሱ ጋር የምቀመጠው እንቅልፍ ሲያጣ ወይም የፍቺ ጉዳዩ ሲያስጨንቀው ነበር፤ በወንጀሉ ላይ አብረን የምንሠራበት መርሐ ግብር አልነበረንም። ማረሚያ ቤት ውስጥ ሚስት የለችም፣ አረቄ የለም፣ አምሽቶ የሚያንኳኳው በር የለም። እነዚህ ሁሉ በሌሉበት ቦታ ጨዋ መሆኑ፣ ወደነሱ ሲመለስ ምን እንደሚያደርግ አይነግረንም። ኮሚቴው የእኔን አስተያየት አልጠየቀም፤ የሚጠይቅበት ቅጽም አልነበረውም። በአመክሮ ወጣ። ሚስቱ የሚፈታበትን ሰሞን ከዘመድ ሰምታ ኖሮ ልጆቿን ይዛ እህቷ ወዳለችበት ከተማ ቀድማ ሄዳለች። ማረሚያ ቤቱ ያላወጣውን ዕቅድ እሷ አወጣች፤ ዋጋውንም ቤቷንና ማሳዋን ጥላ በመሄድ እሷ ከፈለች።

የምለው ዕቅድ ከሰማይ የወረደ አዲስ ነገር አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 አድሶ ያጸደቃቸው፣ በማንዴላ ስም የሚጠሩት የእስረኞች አያያዝ ደንቦች ላይ በግልጽ ተጽፏል። ደንብ 94 ታራሚው እንደገባ በተቻለ ፍጥነት ማንነቱ ተጠንቶ፣ ፍላጎቱን፣ ችሎታውንና ዝንባሌውን የተከተለ መርሐ ግብር እንዲዘጋጅለት ይጠይቃል። ደንብ 107 ደግሞ ከተፈታ በኋላ ስለሚኖረው ሕይወት መታሰብ ያለበት ከእስሩ መጀመሪያ ጀምሮ መሆኑን ይናገራል። እኔ በነበርኩበት ቦታ ሰው ሲገባ ስሙ፣ አድራሻው፣ የተፈረደበት አንቀጽና የዓመቱ ብዛት ይመዘገባል፤ አሻራ ይሰጣል፤ ንብረቱን ያስረክባል። ለምን እንዳደረገው የሚጠይቀው የለም። ከዚያ በኋላ የሚያገኘው የሥነ ልቦና አገልግሎት ሜዳ ላይ በድምጽ ማጉያ የሚሰጥ የሥነ ምግባር ትምህርት ነው። ነፍስ ያጠፋውም፣ ቦርሳ የነጠቀውም፣ የመሥሪያ ቤት ገንዘብ ያጎደለውም፣ ልጅ የደፈረውም አንድ ላይ ተቀምጠው ያንኑ ይሰማሉ። ጤና ጣቢያ በር ላይ ለተሰለፈ ሕመምተኛ ሁሉ፣ ምኑን እንዳመመው ሳይጠይቁ፣ አንድ ዓይነት ክኒን እንደ ማደል ነው።

ዶን አንድሩስ፣ ጄምስ ቦንታና ሮበርት ሆጅ የተባሉ የሥነ ልቦና ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1990 ካናዳ ውስጥ ያቀረቡት አሠራር ዛሬ በብዙ አገሮች የወንጀለኞች ሕክምና መነሻ ነው። መጀመሪያ ይህ ሰው ዳግመኛ ወንጀል የመፈጸም ዕድሉ ምን ያህል እንደሆነ ይመዘናል፤ ጠንከር ያለው ሕክምና የሚሰጠው ስጋቱ ከፍተኛ ለሆነው ነው። ቀጥሎ ሕክምናው ወንጀሉን በገፋፉት ነገሮች ላይ እንዲያነጣጥር ይደረጋል። በመጨረሻ አሰጣጡ ሰውየው ሊቀበለው በሚችለው ቋንቋና መንገድ ይሆናል። ወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል። ሁለት ታራሚዎችን ጎን ለጎን ሲያስቀምጡ ግን ምን ያህል ነገር እንደሚለውጥ ይታያል።

አንደኛው በወሰን ጠብ ጎረቤታቸውን የገደሉ ገበሬ ነበሩ። ከዚያ በፊት ከሰው ተጣልተው አያውቁም፤ በኋላም አልተጣሉም። ሸማ እየሠሩ፣ ሌሊት ሌሊት እየባነኑ ይኖሩ ነበር። "ልጄ፣ ፊቱ አይጠፋኝም" ይሉኝ ነበር። እኚህ ሰው እንደገና ይገድላሉ ብሎ የሚያስብ አልነበረም፣ እኔም አላስብም። እንደ እሳቸው ስጋቱ ዝቅተኛ የሆነን ሰው ከለመዱ ወንጀለኞች ጋር ቀላቅሎ ከባድ ሥልጠና ውስጥ ማስገባት እንኳን ሊጠቅመው ሊጎዳውም እንደሚችል ጥናቶች አሳይተዋል። የእሳቸው ዕቅድ ሌላ መሆን ነበረበት። ለባነነው ሌሊታቸው ሕክምና ያስፈልጋቸው ነበር። ከዚያ በላይ ደግሞ ውጭ የሚጠብቃቸው ደም ነበር። በአካባቢያችን የሟች ወገን የመንግሥትን እስር እንደ ካሳ አይቆጥረውም፤ "መንግሥት የራሱን ፈረደ፣ የእኔ ደም የታለ?" ይላል። ስለዚህ የደም ዕርቁ ከመፈታታቸው በፊት፣ ሽማግሌውም ቄሱም ሼኩም በተገኙበት ማለቅ ነበረበት። አባቱ ሲታሰር ሕፃን የነበረው፣ አሁን ጎረምሳ የሆነው ልጃቸው ደግሞ በዚያኛው ወገን ልጆች ዓይን እየታየ አድጓል። የእሱ ልብ በማን እጅ ነው? ይህን በዕቅዱ ውስጥ የሚያስገባ ሰው ከሌለ አዛውንቱን ፈትተን አዲስ ገዳይ ወይም አዲስ ሟች እናዘጋጃለን።

ሁለተኛው በንጥቂያ ለሦስተኛ ጊዜ የገባ ወጣት ነው። ልጅ ሆኖ ጎዳና ወጥቶ በማስቲሽ ነበር የጀመረው፤ ጫቱም ሌላውም በኋላ መጡ። በየእስሩ የእንጨት ሥራ ሠልጥኖ ሁለት የምስክር ወረቀት ይዞ ነበር። የኮሚቴው ሰዎች ሙያ ሰጥተነው እያለ ለምን ይመለሳል ብለው ይበሳጩበት ነበር። የእሱ ችግር መዶሻ መያዝ አለማወቁ አልነበረም። "እትዬ፣ ከበር ስወጣ የሚቀበሉኝ እነሱ ናቸው፤ እናቴ እንኳን የት እንዳለች አላውቅም" አለኝ። የሚቀበሉት ጓደኞቹ ናቸው። ቁርስ ይጋብዙታል፣ ልብስ ይገዙለታል፣ ማታ ሥራ አለ ይሉታል። እምቢ የሚልበት ጉልበት፣ ቢል የሚያድርበት ቤት አልነበረውም። ስጋቱ ከፍተኛ የሆነው እሱ ነው፤ ጊዜያችንና ገንዘባችን መፍሰስ የነበረበትም እሱ ላይ ነው። ያገኘው ግን ከአዛውንቱ ጋር እኩል የድምጽ ማጉያ ትምህርት ነው። ትኩረታችን ለሚታዘዝልን ሰው ያደላል፤ አስቸጋሪውን ቅጣት ቤት ከትተን እንረሳዋለን።

እንዲህ ያለው ወጣት አይለወጥም ለሚሉኝ ሰዎች የላይቤሪያን ነገር እነግራቸዋለሁ። ክሪስ ብላትማን፣ ጁሊያን ጄሚሰንና ማርጋሬት ሸሪዳን የተባሉ ተመራማሪዎች በሞንሮቪያ 999 ወጣት ወንዶችን ያካተተ ጥናት አድርገው እ.ኤ.አ. በ2017 አሳትመዋል። እስር ቤት ያሉ አልነበሩም፤ በስርቆት፣ በአደንዛዥ ዕፅና በጠብ የሚኖሩ፣ ከእነሱም ውስጥ የእርስ በርስ ጦርነቱ ተዋጊዎች የነበሩ ናቸው። ከፊሎቹ ለስምንት ሳምንት በቡድን የሥነ ልቦና ሕክምና ወሰዱ። ቁጣን ማዘግየት፣ ከማድረግ በፊት ማሰብ፣ ስለ ራስ ያለን ምስል መቀየር ተማሩ። ፀጉር ተስተካክሎ፣ ንጹህ ለብሶ ባንክና ሱቅ መግባትን ሳይቀር እንደ ቤት ሥራ ተለማመዱ። አወያዮቹ ሐኪሞች አልነበሩም፤ ብዙዎቹ ያንኑ ሕይወት ኖረው የወጡ ሰዎች ናቸው። ከተሳታፊዎቹ ለአንዳንዶቹ 200 ዶላር ተሰጣቸው። ሕክምናውን ብቻ ያገኙት ላይ ለውጡ እየቀዘቀዘ ሄደ፣ ገንዘቡን ብቻ ያገኙትም እንዲሁ። ሁለቱንም ያገኙት ላይ ግን ከ10 ዓመት በኋላ እንኳን የወንጀል ድርጊታቸው በግማሽ ያህል ቀንሶ ተገኘ። ተመራማሪዎቹ ገንዘቡ አዲሱን ማንነት እስኪለምዱት ድረስ ጊዜ ሰጣቸው ይላሉ። ለዚያ ለሁለት ምስክር ወረቀት ባለቤቱ ልጅ የጎደለው ይኸው ነበር፤ ልምምዱና ከበር ሲወጣ የሚይዘው ጥቂት ነገር አንድ ላይ።

ሕክምና ይሰጥ ስል ማንኛውም ዓይነት ይሰጥ ማለቴ አይደለም። እንግሊዝና ዌልስ ለወሲብ ጥቃት ፈጻሚዎች የሚሰጥ ዋና የማረሚያ ቤት ሕክምና ለዓመታት ሠርተውበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የራሳቸው ግምገማ ሕክምናውን ከወሰዱት 10 በመቶው፣ ካልወሰዱት ደግሞ 8 በመቶው ዳግመኛ የወሲብ ወንጀል መፈጸማቸውን አሳየ። አገሮቹም ሕክምናውን መስጠት አቆሙ። በካናዳ ኦንታሪዮ አንድ ጥብቅ የሥነ አእምሮ ተቋምም ሕሊና ቢሶችን በቡድን እያወያየ ሊያክም ሞክሮ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1992 የታተመው ክትትል እነዚያ ሰዎች ከተለቀቁ በኋላ ካልታከሙት መሰሎቻቸው ይልቅ በብዛት ወደ ኃይል ወንጀል እንደተመለሱ ገለጸ። የሰውን ስሜት ማንበብ ተምረው ለማታለል ተጠቀሙበት የሚል ግምት አለ። ይህን የምጽፈው የእኛ ማረሚያ ቤቶች አንድ ቀን ከውጭ የመጣ ሰነድ ተርጉመው በግድግዳ ላይ ሲለጥፉ ከማየት ስለምፈራ ነው። መጀመሪያ ለማን እንደሆነ ይታወቅ፤ በጥቂቱ ይጀመር፤ የወጡት ሰዎች ተመልሰው መግባታቸውና አለመግባታቸው ይመዝገብ። ይህ መዝገብ በሌለበት የትኛው ሕክምና እንደሠራ፣ የትኛው እንደጎዳ መናገር አይቻልም።

ከካናዳው አሠራር ሦስተኛው ነጥብ፣ የአሰጣጡ ነገር፣ ለእኛ አገር ከባዱ ይመስለኛል። ከመጻሕፍቱ የሚገኙት መልመጃዎች ታራሚው ሐሳቡን በሰንጠረዥ እንዲጽፍ ይጠይቃሉ። ከእኔ ጋር ከሚቀመጡት ብዙዎቹ ስማቸውን ለመጻፍ የሚቸገሩ ነበሩ። ሰንጠረዡን ትቼ ታሪክ ማስነገር ጀመርኩ። አንዱ የተጣላበትን ቀን ከጠዋት ጀምሮ ይተርካል፤ ሌሎቹ "እዚህ ጋ ብትመለስስ?" እያሉ ያቆሙታል። ሰው የራሱን ቀን ከሰው ፊት ሲተርክ፣ መጠጥ ቤቱ ደጃፍ ላይ ሲደርስ ድምጹ ሲለወጥ፣ የትኛውም ቅጽ ሊነግረኝ የማይችለውን ነገር እሰማ ነበር። አንዱ "ወንድ አይደለህም ተባልኩ" ሲል ሌሎቹ ሁሉ ዝም ይሉ ነበር፤ ይህች ቃል ከብዙዎቹ ፋይል ጀርባ አለች። በፉከራው፣ በመሣሪያው፣ በተዋረድኩ ባይነቱ ላይ ሳይሠሩ የኃይል ወንጀልን ማከም በእኛ አገር የሚሆን አይመስለኝም።

በጤናና በወንጀል መካከል ያለውም ልዩነት ይታወቅ። ወንጀል የሚሠራ ሁሉ የአእምሮ ሕመምተኛ አይደለም፤ አብዛኛው አይደለም። ድብርት ያለበት ታራሚ ሰው ስለሆነ መታከም መብቱ ነው፤ ድብርቱ ስለዳነ ግን ከንጥቂያ ይመለሳል ማለት አይደለም። በሌላ በኩል በእውነት የታመመውን ሕጉ ለይቶታል። አንቀጽ 48 እና 49 በሕመም ምክንያት ኃላፊነት የሌለውን ወይም የተቀነሰውን ያስቀምጣሉ፤ ጥርጣሬ ሲኖር ፍርድ ቤት የባለሙያ ምርመራ እንዲያዝ አንቀጽ 51 ያዛል። ለዚህ ምርመራ በአገሪቱ ስሙ የሚጠራው አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ሆስፒታል ነው። ከወሎም ከጎጃምም ከባሌም ታራሚ በአጃቢ ወደዚያ ይጓዛል፤ መኪና፣ አጃቢና አበል እስኪገኝ ይጠበቃል። ብቻውን የሚያወራ፣ ምግብ ተመርዟል ብሎ የማይበላ ልጅ አብረውት የታሰሩት ሰዎች በተራ ሲጠብቁት፣ በልመና ሲያጎርሱት አይቻለሁ። እነዚያ ታራሚዎች ያለ ደመወዝ የሠሩትን ሥራ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። በየክልሉ አንድ ሆስፒታል ይህን ምርመራ እንዲሠራ ቢደራጅ ይህ ጉዞ ይቀር ነበር።

ስለ ሴቶቹ ለብቻው መጻፍ ይገባኝ ነበር። በቁጥር ትንሽ ስለሆኑ ሁሉም ነገር ለወንዶቹ ታስቦ የተረፈው ለእነሱ ይሰጣል። በሰው ቤት ተቀጥራ ተደፍራ የወለደችውን ጥላ የታሰረች ልጅ ከንጥቂያ ታራሚ ጋር የሚያገናኛት ሕክምና የለም። እሷ የሚያስፈልጋት የደረሰባትን መናገር የምትችልበት ቦታና ስትፈታ የሚቀበላት ቤት ነው።

አሁን ወደ ሦስተኛው መስፈርት ልመለስና አንድ የማስጠነቅቀው ነገር አለኝ። ዛሬ ይህ ደብዳቤ ተሰምቶ "የአማካሪዋ አስተያየት ለአመክሮ ይቅረብ" ቢባል ደስ አይለኝም። ታራሚው እኔ የምጽፈው ወረቀት በሩን እንደሚከፍትለት ካወቀ የሚነግረኝ እኔ መስማት የምፈልገውን ብቻ ነው። ቀድሞውኑ ብዙዎቹ አማካሪን የአስተዳደሩ ጆሮ አድርገው ያያሉ። ስለዚህ የሚያክመው ሰውና ለአመክሮ የሚመዝነው ሰው ይለያዩ። መዛኙ ከሌላ መሥሪያ ቤት ይምጣ፤ ፋይሉን አንብቦ፣ ታራሚውን፣ ቤተሰቡን፣ የሚቻል ሲሆን ተበዳዩን አነጋግሮ፣ ሰውየው ወደ የትኛው ቤት፣ ወደ የትኛው ጓደኛ፣ ወደ የትኛው ጠብ እንደሚመለስ ይጻፍ። ተበዳይዋ የሚፈታበትን ቀን ከዘመድ ወሬ ሳይሆን ከመንግሥት በደብዳቤ ትስማ። ሕጉ በአመክሮ ለሚፈታ ሰው የፈተና ጊዜ እንዲወሰንለትና የጠባይ ደንቦች እንዲሰጡት ይፈቅዳል፤ ዳኛው ለዚህ ሰው ከአረቄ መራቅ፣ ለዚያኛው ከተወሰነ ቀበሌ መራቅ የሚያስፈልገው መሆኑን የሚነግረው ሰው ይፈልጋል። የሚያክመው ባለሙያ በበኩሉ ታራሚው የነገረውን ይጠብቅ። በሰው ሕይወት ላይ የተቃጣ አደጋ ሲሰማ ብቻ እንደሚናገር ከመጀመሪያው ቀን ለታራሚው በግልጽ ይንገረው።

የሰው ኃይል ከየት ይምጣ ለሚሉ የበጀት ሰዎች የምመልሰው አለኝ። በየከተማው በሥነ ልቦና፣ በማኅበራዊ ሥራና በሳይካትሪ ነርስነት ተመርቀው ሥራ ፍለጋ የሚንከራተቱ ልጆች አሉ። ከሞንሮቪያው እንዳየነው፣ ቡድን የሚመራው ሰው የግድ ሐኪም መሆን የለበትም፤ በደንብ የሠለጠነና በቅርብ የሚቆጣጠረው ልምድ ያለው ባለሙያ ያለው ይሁን እንጂ። ተለውጠው የወጡ ታራሚዎችም አሉ፤ እነሱን ቀጥሮ መመለስ ጠላት የሚያበዛ ሐሳብ መሆኑን አውቃለሁ፣ እኔ ግን ከማንም በላይ የሚሰሙት እነሱን እንደሆነ አይቻለሁ። ለመጀመር በአንድ ማረሚያ ቤት፣ ለሁለተኛና ለሦስተኛ ጊዜ በገቡ ወጣቶች ላይ ይሞከር። የሚያስፈልገው ቁሳቁስ ትንሽ ነው። ቁልፍ ያለው የፋይል ሳጥን፣ በክብ የሚደረደሩ ወንበሮች፣ የጥበቃ አባሉ በመስታወት የሚያይበት ግን የሚነገረውን የማይሰማበት አንድ ክፍል። እኔ የምሠራው በዕቃ ግምጃ ቤቱ በረንዳ ላይ ነበር፤ ሰው ባለፈ ቁጥር ታራሚው ንግግሩን ያቆም ነበር።

ጡረታ የወጣች የማረሚያ ቤት የምክር አገልግሎት ባለሙያ
ከኮምቦልቻ